ዶሃ የላከኝ ኤጀንሲ፦ ሲልክ 5 ኮከብ፣ ኮንትራት ሲያልቅ 2

ስሙን አልጠራም፣ አዲስ አበባ ካሉት ኤጀንሲዎች አንዱ ነው፣ ኳታር ለቤት ስራ የሄድኩት በነሱ በኩል ነው።

ሲልኩ እውነት ለመናገር ጎበዞች ናቸው። ፕሮሰሱ አልተጓተተም፣ መሀል የሚገባ ደላላ የለም፣ ቪዛና ትኬት በአሰሪ ነው ብለው ከኔ ሳንቲም አልጠየቁም። ያው በኛ አገር የውጭ ስራ ስምሪት አዋጅ 923/2008ም ግዴታ ነው ግን ስንቱ ነው የሚያከብረው። የኔ ወጪ ፓስፖርት፣ ሜዲካል፣ ሲኦሲ (የሙያ ብቃት ማረጋገጫ) ምናምን ብቻ ነበር።

ነገሩ የተበላሸው ኮንትራቱ ሊያልቅ ሲል ነው። ማዳም ክፉ ሰው አይደለችም፣ ደሞዜን አንድም ወር አላስቀረችብኝም፣ የመመለሻ ትኬቱንም ራሷ ነች የቆረጠችው፣ ግን ሰራተኛ ጨርሳ ስትሄድ የሚከፈል ሂሳብ እንዳለ ወይ አታውቅም ወይ ማወቅ አልፈለገችም። የኳታር የቤት ሰራተኞች ህግ፣ የ2017 እ.ኤ.አ. ቁጥር 15 የሚባለው፣ አንድ አመትና ከዛ በላይ ለሰራ ሰው ለያንዳንዱ አመት ቢያንስ የ3 ሳምንት ደሞዝ ይከፈለው ይላል። የኔ ደሞዝ 1000 ሪያል ነው፣ በአመት 700 ይመጣል፣ ለሁለቱ አመት 1400 ሪያል ማለት ነው። እሷ ሽቶና ሻንጣ ሙሉ ልብስ ሰጠችኝ፣ ሹክረን፣ ግን ሽቶ ሂሳብ አይሆንም።

ለኤጀንሲው በዋትሳፕ ስጽፍላቸው ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው፣ "ትኬት ከቆረጠችልሽማ ተመስገን በይ፣ በሰላም ግቢ።" እኔን ያቃጠለኝ ይሄ ነው እንጂ የማዳም ነገር አይደለም። የኛ አገሩ አዋጅ ላይ እኮ ኮንትራቱ ሲጣስ ኤጀንሲው ከአሰሪው እኩል ተጠያቂ ነው፣ የዋስትና ብር የሚያስይዙትስ ለምን ሆነና! በመጨረሻ ዶሃ ያለው መክተብ (የሰራተኛ አስቀጣሪ ቢሮ) የምትሰራ ኬንያዊት ልጅ ናት ለማዳም ደውላ ህጉን ያስረዳቻት፣ ከዛ በማግስቱ ተከፈለኝ። ያንን አንድ ስልክ መደወል ነው ያቃታቸው።

ኳታር ያላችሁ እህቶቼ፣ ሂሳባችሁን እዛው እያላችሁ ጨርሱ፣ አገር ቤት ከገባችሁ በኋላ ማን ይሰማችኋል። "ሙሉ መብቴን ተቀብያለሁ" የሚል የአረብኛ ወረቀት ብሩን ሳትቆጥሩ እንዳትፈርሙ። ካልፈረምሽ ከአገር አትወጪም የሚል ካለም አትስሙት፣ ከ2020 ጀምሮ ለቤት ሰራተኛም የአሰሪ የመውጫ ፈቃድ ቀርቷል፣ ከ72 ሰአት በፊት ማሳወቅ ነው የሚጠበቅባችሁ። ኩዌት ያላችሁ ደግሞ የናንተ ይሻላል፣ በ2015ቱ (እ.ኤ.አ.) ህግ ለያንዳንዱ አመት የአንድ ወር ደሞዝ ነው።

ለመሄድ ለመሄድ ከሆነ ኤጀንሲው ችግር የለበትም። የአክስቴ ልጅ ሰሞኑን ቢሯቸው ሄዳ ኮንትራቴ ሲያልቅ የማናግረው ሰው ማነው ብላ ስትጠይቃቸው "አንቺ መጀመሪያ ሂጂ እስቲ" አሏት፣ ፓስፖርቷን ይዛ ወጥታ አሁን ሌላ ኤጀንሲ እያጠያየቀች ነው።