የሻወሩ ውሃ ሲቀጥን፦ አውቶማቲክ ዲናሞ ወይስ ከፍ ብሎ የተሰቀለ ሮቶ?

«ሻወሩ ጉልበት የለውም፣ የትኛውን ዲናሞ ልግዛ?» ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ፣ አራብሳ፣ ለገጣፎ ገብቶ የከተመ ወዳጅ ሁሉ ቤቱን በተረከበ በወሩ የሚደውልልኝ ለዚህ ነው። ያንኑ እየደጋገምኩ ከማወራ አንዴ ልጻፈውና ልገላገል። ወገንተኝነቴን ከወዲሁ ልናገር፤ እኔ የሮቶ ሰው ነኝ። ግቢ ውስጥ ቦታ ያላችሁ ሮቶውን ስቀሉት፣ ከታች ውሃ ከሚጠራቀምበት ሌላ ሮቶ በትንሽ ኦርጅናል ዲናሞ ሙሉት፣ ከዚያ ውሃው በራሱ ጊዜ ይውረድ። አውቶማቲኩን፣ ማለትም ቧንቧ ሲከፈት በራሱ ተነስቶ ውሃ የሚገፋውን ዲናሞ፣ የምመክረው ለጥቂት ቤቶች ብቻ ነው።

አንድ ብር ከማውጣታችሁ በፊት ግን የሻወሩን ራስ ፍቱትና ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ደቅኑ። በሁለት ደቂቃ ከሞላ በደቂቃ 10 ሊትር እያገኛችሁ ነው፤ ለሻወር ይበቃል፣ ይተርፋልም። ያኔ ጥፋቱ ያለው ሻወሩ ራስ ላይ ነው። የጉድጓድ ውሃ የሚደርሳቸው ሰፈሮች ቀዳዳዎቹ ላይ ነጭ ነገር እየጋገረ ይደፍናቸዋል፤ ኮምጣጤ ውስጥ አሳድራችሁ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ፈትጉት። አዲስ ቤት ከሆነ የቧንቧውን አፍ ላይ ያለችውን ወንፊት አውጥታችሁ እዩ፤ የቴፍሎን ቁራጭና አሸዋ አያጣትም። ቆጣሪው አጠገብ ያለው ቫልቭም ሙሉ በሙሉ መከፈቱን አረጋግጡ። የባለቤቴ ወንድም ሙሉ አውቶማቲክ ስብስብ ገዝቶ፣ አስገጥሞ፣ ውሃው ያው ቀጭን ሆኖበት ሲናደድ የተገኘው አንድ በግማሽ የተዘጋ ቫልቭ ነበር። ከሁሉ የሚከፋው ፒፒአሩን (በሙቀት እየቀለጠ የሚገጣጠመውን የፕላስቲክ ቧንቧ) ሲያጣብቅ አብዝቶ አቅልጦ ቀዳዳውን ያጠበበ ቧንቧ ሠራተኛ የሠራው ቤት ነው። እሱን ምንም ዲናሞ አያድነውም፤ መገጣጠሚያው ተቆርጦ እንደገና መሠራት አለበት።

ይህ ሁሉ ታይቶ ውሃው አሁንም ከቀጠነ ወደ ገበያው እንሂድ።

ዋጋው ላይ ትንሽ ልቆይ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ ዋጋ ይመራ ከተባለ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋ ዕድሜው አጭር ነው። ስለዚህ የምጠራውን ብር እንዳለ አትያዙት፤ በዋጋዎቹ መሃል ያለውን ልዩነት ያዙ። መርካቶ በጠየቅሁበት ሰሞን የግማሽ ፈረስ ጉልበት ኮፒ ዲናሞ 6 ሺህ ብር ገደማ ነበር። በዚያው ልክ ያለው የጣሊያን ኦርጅናል ከ20 ሺህ በላይ። ባለ 24 ሊትር የግፊት ጋን፣ የግፊት ጌጅና ፕሬዠር ስዊች (ግፊቱን እያየ ዲናሞውን የሚያስነሳና የሚያጠፋ) ያለው አውቶማቲክ ስብስብ፣ ሁሉ ነገሩ ኮፒ ከሆነ 15 ሺህ፣ ኦርጅናል ከሆነ የዚያ ሦስት እጥፍ። ለሮቶ የሚሆን የብረት ስታንድ በሰፈራችን ብየዳ ቤት ተሠርቶ፣ መሠረቱ ተሞልቶ፣ ተተክሎ 35 ሺህ። ሮቶውን አልቆጠርኩትም፤ በፈረቃ ውሃ የሚያገኝ ቤት ሁሉ በሁለቱም መንገድ ቢሄድ ይገዛዋል።

ሂሳቡን ላየ ሰው ባለ 15 ሺሁ አውቶማቲክ ያሸንፋል። የሚሸነፈው ከገባ በኋላ ነው። እኛ ሰፈር መብራትና ውሃ ተያይዘው የሚሄዱበት ቀን አለ። አውቶማቲክ ያለው ሰው መብራት ሲጠፋ ግቢው ውስጥ 2 ሺህ ሊትር ውሃ ተኝቶ በጆግ እየቀዳ ይታጠባል። ሮቶው የተሰቀለለት ግን መብራት መጥፋቱን ላያውቅም ይችላል።

ሌላው ጣጣ መነሳትና መጥፋቱ ነው። ፕሬዠር ስዊቹ ከፋብሪካ ሲመጣ አብዛኛውን ጊዜ 1.4 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) ላይ እንዲያስነሳ፣ 2.8 ላይ እንዲያጠፋ ሆኖ ነው። የሽንት ቤቱ ሲፎን በትንሹ ቢያንጠባጥብ ግፊቱ ቀስ እያለ ይወርድና ዲናሞው ሌሊቱን ሙሉ ይነሳል፣ ይጠፋል። ይህ የሚብሰው ጋኑ ውስጥ ያለው አየር ሲያልቅ ነው፤ ያኔ ቧንቧ በተከፈተ ቁጥር «ጢቅ፣ ጢቅ» እያለ የስዊቹን ነጥብ ያቃጥለዋል። እንዲህ ሲሆን ብዙ ሰው ስዊች ይገዛል። አትግዙ። ዲናሞውን ከመብራት ንቀሉ፣ ቧንቧ ከፍታችሁ ውሃውን ከጋኑ ጨርሱት፣ ከጋኑ ጀርባ ያለችውን ክዳን ፍቱ። እንደ ጎማ ያለ ቫልቭ ታገኛላችሁ። ጫን ስትሉት ውሃ ከወጣ የውስጡ ጎማ ተቀዷል፣ ይቀየራል። ደረቅ ከሆነ ጋኑን ፈትታችሁ ጎሚስታ ጋ ውሰዱና 1.2 ባር፣ በእነሱ አነጋገር 17 ወይም 18 አስሞሉት። ጎሚስታው መጀመሪያ ይስቃል፣ ከዚያ ይሞላል።

ወደ ኮፒው ልምጣ፤ የብዙ ሰው ብር የሚቀልጠው እዚህ ነው። ሰማያዊ ቀለም የተቀባችው የጣሊያኑ ኩባንያ የፔድሮሎ ትንሿ ዲናሞ በየአገሩ ስለተወደደች በየአገሩ ትኮረጃለች፤ ቀለሙም፣ ቅርጹም፣ አንዳንዴ ስሟ በአንድ ፊደል ተዛብቶ። በእጅ ስታነሷት ኮፒዋ ቀለል ትላለች። የሰፈራችን ዲናሞ ጠቅላይ (የተቃጠለ ዲናሞ ሽቦ የሚቀይር ባለሙያ) አንዷን ኮፒ ከፍቶ አሳይቶኛል። ሽቦው መዳብ ይመስላል፤ በምላጭ ፋቅ ሲያደርገው ከቀዩ ሥር ነጭ ወጣ፣ አሉሚኒየም ነው። አሉሚኒየም ለዚያው ሥራ ወፈር ካላለ ይግላል። ሞተሮች በመደበኛነት የሚለኩት እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ድረስ ላለ አየር ነው፤ አዲስ አበባ ግን 2,300 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፣ አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተሩን በደንብ አያቀዘቅዘውም። ኮፒዋ ቶሎ የምትቃጠለው ለዚህ ነው። ማስጠቅለያው ደግሞ ከአዲስ ኮፒ ዋጋ ብዙ አይርቅም። ጠቅላዩ ራሱ «ወንድሜ፣ ይሄን ከማስጠቅለል ሌላ ግዛ» ይላል። ኦርጅናሏ ብትቃጠል ትጠቀለላለች፤ ባትጠቀለል እንኳ ቆራሌው መዳቡን በደህና ዋጋ ያነሳዋል።

ሌላ ልዩነትም አለ። የእነዚህ ትንንሽ ዲናሞዎች ውሃ ገፊ መዘውር ከዙሪያው ብረት ጋር ያለው ክፍተት በጣም ጠባብ ነው። ሳይሠሩ ሰንብተው ሲነሱ በዝገት ይያዙና «እምምም» ብለው ይቀራሉ፤ ቶሎ ካልጠፉ ይቃጠላሉ። ኦርጅናሏ መዘውሩ ፊት ለፊት ነሐስ ስላላት እምብዛም አትያዝም። ኮፒዋ ከተያዘች ከመብራት ንቀሏት፣ ከኋላ ያለውን የማራገቢያ ክዳን ፍቱና ዘንጉን በፒንሳ ቀስ አድርጋችሁ ወዲያና ወዲህ አዙሩ። ብዙ ጊዜ ትለቃለች። ይህን አይቶ «ተቃጥላለች» ብሎ አዲስ የሚሸጥ ሰው ስላለ ነው የምነግራችሁ።

አሁን ወደምወደው፣ ወደ ተሰቀለው ሮቶ። ሮቶውን ለመሙላት ግማሽ የፈረስ ጉልበት ይበቃል፤ 1,000 ሊትር ግማሽ ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል። የሚበላው መብራት የእንጀራ ምጣድ በአምስት ደቂቃ የሚበላውን ያህል ነው። ከታች ያለው ሮቶ ውስጥ ፍሎት ስዊች (ውሃው ሲያልቅ ዲናሞዋን የሚያጠፋ ተንሳፋፊ) አስገቡ፤ ያለ ውሃ የሠራች ዲናሞ ውሃ እንዳያፈስ የሚይዘው ሲሏ ወዲያው ያልቃል።

ስለ ከፍታው አትታለሉ። አሥር ሜትር ከፍታ አንድ ባር ነው፤ የሮቶው ሥር 4 ሜትር ላይ፣ ሻወሩ 2 ሜትር ላይ ከሆነ የምታገኙት 0.2 ባር ብቻ ነው። ስለዚህ ስታንዱን 6 ሜትር አድርጉት፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ቧንቧውን አስፉት። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ሰቅሎ ሲያበቃ በግማሽ ኢንች ያወርደዋል። እኩል ውሃ የውስጥ ዲያሜትሩ ግማሽ በሆነ ቧንቧ ሲያልፍ በሰበቃ የሚባክነው ግፊት 30 እጥፍ ገደማ ይሆናል። ከሮቶው እስከ ቤቱ 32 ሚሊ ሜትር ፒፒአር፣ ቤት ውስጥ 25፣ ሻወሩ ጋ ሲደርስ 20። የወፍራሙ ቧንቧ ትርፍ ዋጋ ከአንድ ፕሬዠር ስዊች አይበልጥም።

ስታንዱን የሚሠራው በያጅ ብረት ለመቆጠብ ሲቃጣው 2 ሺህ ሊትር ውሃ 20 ኩንታል መሆኑን አስታውሱት። የሮቶው ሥር ሙሉውን ጠፍጣፋ ነገር ላይ ይረፍ፤ በተራራቁ ብረቶች ላይ የተቀመጠ ፕላስቲክ በየክፍተቱ እየጎበጠ ይሰነጠቃል።

ጉድጓድ ያስቆፈራችሁ አንድ ነገር፦ ሳጥኑ ላይ «8 ሜትር ይስባል» የሚለው ባሕር ጠረፍ ላይ ነው። እዚህ የአየሩ ግፊት አንድ አራተኛ ያህል ስለሚያንስ ከአምስት ሜትር ተኩል በላይ አትጠብቁ። ከዚያ ለሚጠልቅ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ የሚሠራውን ዓይነት ነው የምትፈልጉት። ከመንገዱ መስመር በቀጥታ በዲናሞ መሳብን ደግሞ እርሱት። የጎረቤትን ውሃ ትነጥቃላችሁ፣ መስመሩ ስንጥቅ ካለው ቆሻሻውንም አብሮ ይስባል።

አውቶማቲኩን የምፈቅድለት ቤት ጂ ፕላስ ዋን ሆኖ ሮቶው ጣሪያው ላይ የተቀመጠለት ነው። እዚያ የላይኛው ፎቅ ሻወር ከሮቶው ሥር አንድ ሜትር እንኳ ላይርቅ ይችላል፤ ወደ ላይ ለመስቀልም ቦታ የለም። የልብስ ማጠቢያ ማሽን ወይም ፈጣን የውሃ ማሞቂያ ያላችሁም እንደዚሁ፤ ግፊቱ ካነሰ ማሽኑ ውሃ በመጠበቅ ይቆማል። ቢሆንም ለቤቱ ሁሉ አታድርጉት፤ ለላይኛው ፎቅ መስመር ብቻ አንዲት ትንሽ ኦርጅናል ግጠሙ፣ ጎኗን የሚያልፍ ቼክ ቫልቭ (ውሃው ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚይዝ) ያለው መስመር ተዉላት። መብራት ሲጠፋ ውሃው ቀጭንም ቢሆን በዚያ በኩል ይወርዳል።

ስትገዙ ባልዲና ጥቂት ሜትር ሆዝ ይዛችሁ ሂዱና ሱቁ ውስጥ ውሃ እያስቀዳችሁ አስነሷት። ጫፉን በአውራ ጣት ደፍናችሁ ድምጿ ሲለወጥ ስሙ፣ ግን ቶሎ ልቀቁ፤ ይህ ዓይነት ዲናሞ ሲዘጋበት ነው ይበልጥ የሚጨነቀው። «እዚህ አይሞከርም፣ ወስደህ ሞክር» ያለ ሻጭ ካጋጠማችሁ ቀጣዩ ሱቅ ሩቅ አይደለም። ደረሰኙ ላይ የዲናሞዋን ሴሪያል ቁጥር አስጽፉ፤ ስትመልሷት «የኔ አይደለችም» እንዳይላችሁ።