ዙም በበገና አስተማሪ ዓይን፦ ከወረርሽኙ ወራት እስከ ዛሬ

በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮቪድ-19 ታማሚ መገኘቱ የተነገረው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ሲሆን፣ ከሦስት ቀን በኋላ ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ተወሰነ። ጊዜው ዐቢይ ጾም ነበር፤ የበገና አስተማሪ ዓመቱን ሙሉ የሚጠብቀው ወቅት ቢኖር ደግሞ ይኸው ጾም ነው። ቤቴ እየመጡ ይማሩ የነበሩት አሥራ አንድ ተማሪዎች በአንድ ሳምንት ውስጥ ቀሩ፤ የተያዙት የበገና ምሽቶችም ተሰረዙ። ዙም የተባለውን የቪዲዮ መገናኛ በስልኬ ላይ የጫንኩት ያኔ ነው። ብቻዬን እንዳልነበርኩ የኩባንያው ቁጥር ይመሰክራል፤ በዲሴምበር 2019 በቀን 10 ሚሊዮን ገደማ የነበረው የስብሰባ ተሳታፊ በማርች 2020 ከ200 ሚሊዮን በላይ ሆኗል። ይህን ግምገማ የምጽፈው ግን ስብሰባ ለሚቀመጡበት ሳይሆን፣ እንደ በገና ያለ መሣሪያ ሊያስተምሩበት ወይም ሊማሩበት ለሚያስቡ ነው።

በገናን ከብዙ ባለ አውታር መሣሪያዎች የሚለየው ድምፁ ከአሥሩ አውታሮች ብቻ አለመምጣቱ ነው። በእያንዳንዱ አውታርና አውታሮቹ በሚያርፉበት ብርኩማ መካከል የምትገባው ትንሽ የቆዳ ቁራጭ፣ እንዚራ የምንላት፣ አውታሩ በተመታ ቁጥር እየነካካችው ያንን ረዥም ጉምጉምታ ትሰጠዋለች። እንዚራዋ ቦታዋን ከሳተች በገናው ይጮኻል እንጂ አይነዝርም። ዙም ደግሞ የተሠራው ለንግግር ነው። የሰውን ድምፅ ለይቶ ያስተላልፋል፤ ሳይለዋወጥ ረዘም ብሎ የሚሰማውን ነገር፣ የአየር ማራገቢያም ይሁን የሞተር ድምፅ፣ እንደ ጫጫታ ቆጥሮ ይቀንሳል። በዚህ ስሌት የእንዚራዋ ንዝረት ከማራገቢያው ብዙም አትርቅም። ለንግግር የተሠራ ነገር ንግግርን ቢያስቀድም የሚያስወቅሰው አይደለም፤ ለእኔ ትምህርት ግን የሚቀነሰው ዋናው ነገር ነበር።

መፍትሔው ከመጀመሪያውም በፕሮግራሙ ውስጥ ነበረ፤ አምስት ሳምንት ሙሉ ሴቲንጉን ከፍቼ ያላየሁት እኔ ነኝ። «ኦሪጅናል ሳውንድ» የሚለው ምርጫ ሲበራ ዙም ድምፁን ማጣራቱን ትቶ ማይኩ የሰማውን እንዳለ ይልካል። በዚያው በፈረንጆች 2020 ሁለተኛ አጋማሽ ደግሞ ለሙዚቃ ታስቦ የተዘጋጀ፣ ድምፁን በ48 ኪሎኸርዝ የሚያስተላልፍ ከፍ ያለ ጥራት ተጨመረበት። ልዩነቱን ለማያምን ሰው ሁለቱንም አከታትሎ መስማት ይበቃዋል። ይህን ምርጫ የሚያበራ ሰው ግን በሁለቱም ወገን ሄድፎን ማዘጋጀት አለበት፤ አለዚያ ከስፒከሩ የሚወጣው ድምፅ ተመልሶ ወደ ማይኩ ይገባና ትምህርቱን ያበላሸዋል። ጠንካራ ኔትወርክም ይፈልጋል፤ በሞባይል ዳታ የሚማር ተማሪ ፓኬጁ ቶሎ ያልቅበታል።

አብሮ መደርደር ግን በየትኛውም ምርጫ አይገኝም። ሁለት ደርዳሪዎች እኩል እንዲሄዱ በመካከላቸው ያለው የድምፅ መዘግየት ከ30 ሚሊሰከንድ ገደማ ባያልፍ ይመረጣል። ከአዲስ አበባ እስከ ዋሽንግተን በአየር 11,500 ኪሎሜትር ያህል ነው፤ ብርሃን በፋይበር ኬብል ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎሜትር ገደማ ስለሚጓዝ፣ ኬብሉ ቀጥ ብሎ ቢዘረጋ እንኳ ድምፁ ለመድረስ ብቻ ወደ 60 ሚሊሰከንድ ይፈጅበታል። ይህን ምድር ካልጠበበች በስተቀር የትኛውም ኩባንያ አያስተካክለውም።

ስለዚህ ትምህርቱ ተራ በተራ ሆነ፤ እኔ እደረድራለሁ፣ ተማሪው ይሰማል፣ ከዚያም ብቻውን ይደግመዋል። መጀመሪያ እንደ ጉድለት ቆጥሬው ነበር። ከሁለት ዓመት በላይ ያስተማርኩት አንድ ወጣት ግን ሐሳቤን አስለወጠኝ። ጎን ለጎን ተቀምጠን ስንደረድር ጎበዝ የምለው ተማሪ ነበር። በዙም ብቻውን ሲደረድር አንዱን አውታር ሁልጊዜ ዘግይቶ እንደሚመታ፣ ከዚያም ግጥሙን ቸኩሎ እንደሚያካክሰው ሰማሁ። ለካ ሁለት ዓመት ሙሉ በእኔ ድምፅ ተከልሎ ነበር የሚሄደው፤ እኔም የራሴን በገና እየሰማሁ እሱን አመሰግን ነበር። ዛሬ በአካል ከሚመጡት ጋር እንኳ ከትምህርቱ ገሚሱን ዝም ብዬ የማዳምጠው በዚህ ምክንያት ነው።

ጀማሪን በዙም ማስተማር ግን ሌላ ነገር ነው። በገና የሚደረደረው በግራ እጅ ጣቶች ሲሆን፣ ፕሮግራሙ የራስን ምስል እንደ መስታወት ገልብጦ የሌላውን ግን ሳይገለብጥ ስለሚያሳይ፣ ልጆች የእኔን እጅና የራሳቸውን እጅ በተቃራኒ አቅጣጫ ያዩና ግራ ይጋባሉ። ይህ በሴቲንጉ ይስተካከላል። የማይስተካከለው ቅኝት ነው። ጀማሪ መቃኘት አይችልም፤ በቤቴ ቢሆን በገናውን ተቀብዬ ቃኝቼ እመልስለት ነበር። በስክሪን «ትንሽ አጥብቀው፣ አይ፣ መልሰው» እያልኩ አሥር አውታር ማስቃኘት የሁለታችንንም ትዕግሥት ጨርሷል። በመጨረሻ የእያንዳንዱን አውታር ድምፅ ለየብቻው ቀድቼ በቴሌግራም ላክሁ፤ ተማሪው ኔትወርክ በሚያገኝበት ሰዓት አውርዶ እየደጋገመ ይቃኝበታል። እውነቱን ለመናገር በዚያ ዓመት አዲስ አበባ ላሉት ተማሪዎቼ ከዙም ይልቅ የጠቀማቸው ይህ የቴሌግራም ቅጂ ነው። ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ኢንተርኔት ከሁለት ሳምንት በላይ ሲቋረጥም በእጃቸው የቀረው ቀድሞ የወረደው ነበር።

ስለ ዋጋው አጭር ነገር ልበል። በነፃ ሲጠቀሙበት የቡድን ስብሰባ በ40 ደቂቃ ይቋረጣል፤ በወረርሽኙ ጊዜ ሁለት ሰው ብቻ ሲሆን ይህ ገደብ አልነበረም፤ በፈረንጆች 2022 ግን በሁለት ሰውም ላይ ተደነገገ። የሚከፈልበት ዓይነት ያኔ በወር 14.99 ዶላር ነበር፤ በዶላር የሚከፍል ካርድ ለሌለው የአዲስ አበባ አስተማሪ ከዋጋው ይልቅ አከፋፈሉ ያስቸግራል። የእኔን የምትከፍልልኝ ቨርጂኒያ የምትኖር ተማሪዬ ናት።

ይህች ተማሪ ነርስ ናት። በ2012 የፋሲካ ሰሞን፣ የሆስፒታል ፈረቃዋን ጨርሳ፣ የጭምብሉ ሰንበር ፊቷ ላይ እንዳለ ትገባ ነበር። አንዳንድ ቀን በገናዋን ሳታነሳ «ዛሬ እርስዎ ብቻ ይደርድሩልኝ» ትለኝና ካሜራዋን አጥፍታ ታዳምጣለች። ለእኔ ጥቁር ስክሪን ፊት መደርደር ከባድ ነበር፤ የሚያዳምጥ ሰው ትንፋሹና የራሱ ዘንበል ማለት ቀጣዩን ስንኝ ያመጣል፤ ይህን ዙም አያስተላልፍም። ሆኖም በአካባቢዋ የበገና አስተማሪ ፈልጋ ያላገኘች ሰው፣ ወረርሽኙ ባይመጣ ኖሮ እኔም በስክሪን ማስተማርን አልሞክረውም ነበርና፣ ሳትማር ትቀር ነበር። ዛሬ ራሷ ትቃኛለች።

በገና ከጥንትም ለብቻ ጸሎት የሚሆን መሣሪያ በመሆኑ፣ የተዘጋ በር ለደርዳሪው እንደ ዘፋኝ አይከብደውም ብዬ አስብ ነበር። በከፊል ልክ ነበርኩ። በእነዚያ ወራት ከየትኛውም ዓመት የበለጠ ግጥም ጽፌአለሁ፤ በኋላ ሰው ፊት ስደረድራቸው ግን ግማሾቹን ጣልኳቸው፤ ለራሴ ብቻ የገቡ ነበሩ።

አዲስ አበባ ላለ ጀማሪ ዙምን አልመክርም፤ ታክሲ ተሳፍሮ አስተማሪው ዘንድ ቢሄድ ይሻለዋል። መቃኘት ለሚችልና ለማረም ብቻ ለሚፈልግ፣ ወይም አስተማሪ በሌለበት አገር ለሚኖር ሰው ግን፣ ሄድፎንና «ኦሪጅናል ሳውንድ» እስካልተረሱ ድረስ፣ ከሞከርኳቸው ሁሉ የተሻለው ይኸው ነው። ውጭ ያሉትን ሦስት ተማሪዎቼን አሁንም ቅዳሜ ማታ የማስተምረው በእሱ ነው፤ ቅጂውን ግን ከትምህርቱ በፊት በቴሌግራም እልክላቸዋለሁ።