ቪጎ አውቶማቲክ ለጉተታ ይሆናል ወይ? ኦርጅናል ካምቢዮው ስምንት አመት ጀነሬተር ጎትቶ

አዳማ ውስጥ አውቶማቲክ ፒክአፕ ይዘህ ከኋላው ተሳቢ ካሰርክ መንገድ ዳር የቆመ ሁሉ ይመክርሃል። ባጃጅ ነጂው፣ ጎሚስታው፣ እንደውም አንዴ ፍራንኮ ጋ ጋሪ የሚነዱ ሽማግሌ ፈረሳቸውን አቁመው "ልጄ ይሄ አውቶማቲክ የሚሉት ጭነት አይችልም ይባላል" አሉኝ። እሳቸው ስለ መጎተት ከሁላችንም የተሻለ ያውቃሉ ብዬ ዝም አልኩ። አሁን ግን ስምንት አመት ጎትቼበታለሁ፣ አንዴ ገሎኛል፣ አንዴ አስጠግኜዋለሁ፣ ስለዚህ የምለው አለኝ።

የኔ በፈረንጅ 2006 ሞዴል ቶዮታ ሃይሉክስ ቪጎ ነው፣ ደብል ጋቢና፣ 3.0 ዲ-ፎር-ዲ ናፍጣ፣ ባለ 4 ማርሽ አውቶማቲክ። በእኛ 2009 ስገዛው 187 ሺህ ኪሎሜትር ነድቶ ነበር፣ ዛሬ 318 ሺህ ላይ ነው። ስራዬ ጀነሬተር ማከራየት ነው፣ ለሰርግ፣ ለኮንክሪት ስራ፣ መብራት ለጠፋበት ሁሉ። 30 ኬቪኤ ጀነሬተር ባለ ሁለት ጎማ ተሳቢ ላይ ተበይዶ ነው የሚሄደው፣ ሚዛን ላይ አውጥቼው 1,420 ኪሎ መጣ፣ ከዛ ላይ ገመዱ፣ ጀሪካኑ፣ ሁለት ልጆች ከነምሳቸው።

ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) ኤ-340-ኤፍ የሚባለው ነው። አይሲን የሚባለው የጃፓን ካምፓኒ የሚሰራው፣ ዘሩ በፈረንጅ ከ1980ዎቹ ጀምሮ የነበረ አሮጌ ነገር ነው፣ ወንድሙ ኤ-ደብሊው-4 በሚል ስም ከ1987 እስከ 2001 ጂፕ ቼሮኪ ውስጥ ሲገባ ነበር። ይሄን የምለው "የቪጎ አውቶማቲክ ስስ ነው" ለሚሉ ነው። ስስ አይደለም። ገልጬ አይቸዋለሁ፣ እመጣበታለሁ።

የመጀመሪያዎቹ ሶስት አመታት ምንም አላየሁበትም፣ ሞጆ፣ ባቱ፣ ወለንጪቲ፣ ወንጂ እንደልብ ነው። ዳገት ላይ ጀነሬተር አስረህ ስትነሳ ፍሪሲዮን እየሸተተህ አትነሳም፣ ወደ ኋላ አይንሸራተትም፣ ምክንያቱም ከቆመበት ሲነሳ ኮንቨርተሩ (በሞተሩና በካምቢዮው መሃል ያለው ዘይት የሞላው እቃ) ራሱ የሞተሩን ጉልበት አባዝቶ ነው ወደ ካምቢዮ የሚሰጠው፣ ማኑዋል ላይ ግን ያንን ስራ የምትሰራው በእግርህና በፍሪሲዮን ሸራ ነው። ጭቃ ውስጥ ሳይት ላይ ተሳቢ ወደ ኋላ ስታስገባማ አውቶማቲክን የለመደ ሰው ወደ ማኑዋል አይመለስም።

ችግሩ አሰላ ነው። መንገዱን የሚያውቅ ያውቀዋል፣ ከአዳማ ወርደህ አዋሽ መልካሳ ወንዙን ትሻገርና ከዛ ዴራ፣ ኢተያ እያልክ አሰላ እስክትገባ መውጣት ነው፣ ከወንዙ እስከ አሰላ ከ800 ሜትር በላይ ከፍታ ነው የምትጨምረው። ጥር ላይ ደግሞ ሰርግ በሰርግ ነው፣ አንድ ጥር በሳምንት ሶስቴ የወጣሁበት ጊዜ አለ። እና እኔ ምን ላርግ፣ ዲ ላይ አስገብቼ ነዳጅ መርገጥ ብቻ። ካምቢዮው አራተኛ ያስገባል፣ ያቅተዋል፣ ሶስተኛ ይመልሳል፣ ትንሽ ረገብ ያለ ቦታ ሲያገኝ ደግሞ አራተኛ፣ ደግሞ ሶስተኛ፣ እኔ "ራሱ ያውቃል" እያልኩ ሙዚቃ እሰማለሁ።

ራሱ አያውቅም! ካምቢዮው ከኋላው 1,420 ኪሎ እንዳለ የሚነግረው የለም። እዚህ ጋ ትንሽ ልዘግይ ምክንያቱም ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ነው። ኮንቨርተሩ ውስጥ ሞተሩን ከካምቢዮው ጋር የሚያገናኘው ዘይት ነው፣ ብረት አይደለም፣ ስለዚህ ሁሌም ትንሽ መንሸራተት አለ፣ መንሸራተቱ ደግሞ ሙቀት ነው። ሜዳ ላይ ፍጥነት ሲይዝ ውስጡ ያለ ሎክአፕ የሚሉት ፍሪሲዮን ይቆልፈውና እንደ ማኑዋል ቀጥታ ይሆናል፣ ሙቀቱም ይወርዳል። ዳገት ላይ ማርሽ በተቀያየረ ቁጥር ግን ቁልፉ ይለቃል፣ ይይዛል፣ ይለቃል፣ ዘይቱ እንደ ሽሮ ይንተከተካል። ሜካኒኮቹ የሚሉት ሂሳብ አለ፣ ዘይቱ ከ80 ዲግሪ ካለፈ በኋላ በየ10 ዲግሪ ገደማ እድሜው በግማሽ ይቀንሳል። 120 ደርሰህ ስትመለስ ምን እንደተረፈህ አስቡት። ፋብሪካው የሰጠው ማቀዝቀዣ ደግሞ ራዲያተሩ ውስጥ ያለች ትንሽ ቱቦ ናት፣ ሰው ብቻ ስትጭን ትበቃለች፣ አሰላን በጀነሬተር ግን አትችለውም።

ምልክት አልሰጠኝም አልልም። የዘይት መለኪያውን ሽቦ መዝዤ ሶፍት ላይ ስጠርገው ቀይ መሆን ሲገባው ቡና ሆኖ መጣ፣ ሽታውም እንደተቃጠለ ሽሮ ድስት። አዲስ አበባ አንድ ጋራዥ ወሰድኩት፣ ስሙን አልጠራም፣ "ዘይት ብቻ ነው" ብለው የሆነ ቀይ ዘይት ሞሉልኝ። መመሪያው ታይፕ ቲ-ፎር ይላል ስላቸው "ቀይ ሁሉ አንድ ነው ወንድሜ" አለኝ ልጁ። ደግሞ ያኔ የማላውቀው ነገር፣ ከታች ቡሎኑን ፈተህ ስታፈስ ዘይቱ ሁሉ አይወጣም፣ አብዛኛው ኮንቨርተሩ ውስጥ ይቀራል፣ ስለዚህ የተቃጠለው ካልታወቀው ጋር ተደባልቆ ተመለሰልኝ ማለት ነው። ከዛ ቀን ጀምሮ 80 ላይ ስሄድ መኪናው ኮሮኮንች የገባ ያህል ይንቀጠቀጥ ጀመር። የጎማ ሚዛን መስሎኝ ሁለቴ ባላንስ አስደረኩ፣ ሎክአፑ ነው ለካ።

የሞተው ግንቦት ላይ ነው፣ ከመተሐራ ስመለስ። ሙቀቱን ታውቁታላችሁ፣ ፊት ለፊቴ የጅቡቲ መስመር ተሳቢዎች ተሰልፈው በ20 እየተሳቡ ነው፣ በሰቃን አልፌ ብዙም ሳልሄድ ሁለተኛ ጨርሶ ሶስተኛ ሲገባ ሞተሩ ጮኸ፣ መኪናው ግን የለም። እግሬን አንስቼ ደገምኩ፣ ያው። በአንደኛና በሁለተኛ ይሄዳል፣ ሶስተኛ የለም። ዳር አውጥቼ ቆምኩ፣ ጀነሬተሩን ለአንድ የማውቀው ልጅ አስጎትቼ እኔን አንድ አይሱዙ በገመድ ጎተተኝ። ይሄን ግን ልብ በሉ፣ አውቶማቲክ ሞተሩ ጠፍቶ ጎማው መሬት ላይ እየተሽከረከረ ከተጎተተ የዘይት ፖምፓው አይሰራም፣ ምክንያቱም ፖምፓውን የሚያዞረው ሞተሩ ነው፣ ውስጡ ደረቁን ይፋጫል። እኔ የፎርዊሏን ማርሽ ኤን ላይ አድርጌ ነው ያስጎተትኩት፣ ያኔ ካምቢዮው ከጎማው ይለያል። የአይሱዙው ሹፌር "ካምቢዮውን ዜሮ አርገውና እንሂድ" ብሎ ሲቸኩል ይሄንን ያስታወስኩት በእድል ነው።

አዳማ ከወንጂ ማዞሪያ ገባ ብሎ የሚሰሩ አንድ ትልቅ ሰው አሉ፣ ሁሉም ጋሼ ነው የሚላቸው። ኮፈን እንኳ አላስከፈቱኝም። "ሪቨርስ ይይዛል?" አሉኝ። አስቤው አላውቅም፣ ሳስበው ግን ለካ ጠዋት ጠዋት ሪቨርስ ሳስገባ ቆይቶ ነበር የሚይዘው። "በቃ ሶስተኛና ሪቨርስ አብረው ከደከሙ የሁለቱም ፍሪሲዮን አንድ ነው፣ እሱ ነው ያለቀው" አሉኝ፣ ቡናቸውን ሳያስቀምጡ። እውነትም ሲፈታ እሱ ነው፣ ሸራው ተላጦ ብረት ለብረት ሆኗል፣ ብረቱ ከሙቀት ብዛት ሰማያዊ ሆኗል። ጥርሶቹ ግን፣ ወላሂ፣ ጭረት የለባቸውም፣ ዘንጉም ኩሽኔታውም ደህና። 263 ሺህ ኪሎሜትር ከነጀነሬተሩ። "ይሄን ካምቢዮ ጉተታ አልገደለውም፣ አንተ ነህ የቀቀልከው" አሉኝ፣ አልተቆጣሁም።

ከዱባይ የመጣ ያገለገለ ካምቢዮ ግዛ ያለኝ ብዙ ነበር፣ ዋጋው ከጥገናው እጥፍ በላይ ነው፣ ደግሞ እሱን ማን ምን ሲጎትትበት እንደነበር በምን ታውቃለህ? ኪቱን ማለትም ፍሪሲዮኖቹን፣ ጓርኒሲዮኑን፣ ዘይት እንዳያፈስ የሚይዘውን ፓራኦሊዮ በ62 ሺህ ብር አዲስ አበባ አገኘሁ፣ ለእጅ 35 ሺህ፣ ዘይቱ ለብቻ፣ እቃው እስኪገኝ ተደምሮ 19 ቀን። ጋሼ ላይ አንድ ቅሬታ ብቻ ነው ያለኝ፣ ቀጠሮ። ሰኞ ካሉ ሀሙስ ነው። ኮንቨርተሩንም አጥበው መልሰው ገጠሙት፣ እኔ እንዲቀየር ነበር የፈለኩት፣ እስካሁን ግን 55 ሺህ ኪሎሜትር ሄዷል ምንም አላለም።

ትልቁ ለውጥ ግን ጥገናው አይደለም፣ ከራዲያተሩ ፊት የተሰቀለችው ተጨማሪ ማቀዝቀዣ ናት። ዘይቱ መጀመሪያ በራዲያተሩ ያልፋል፣ ከዛ በእሷ፣ ከዛ ወደ ካምቢዮ ይመለሳል። ማቀፊያዋን በያጁ ልጅ በግማሽ ቀን ሰራት። ከዛ በተጨማሪ የሙቀት ጌጅ ዳሽቦርድ ላይ አስገጠምኩ፣ እና እሷ ናት አነዳድ ያስተማረችኝ። ጀነሬተር አስሬ ወደ ሞጆ ሜዳውን 82፣ 84 ዲግሪ ላይ ትቆማለች። በፈጣን መንገዱ ሄጄ እነዛ የነፋስ ተርባይኖች ያሉበት አካባቢ ነፋሱ ፊት ለፊት ሲመታ 91 ትገባለች፣ ለካ የአዳማ ነፋስም ጭነት ነው። አሰላን ዲ ላይ እንደድሮው ሞከርኩት፣ ማቀዝቀዣው እያለ ኢተያ ሳልደርስ 112 አየሁ። በሚቀጥለው ቀን ከመልካሳ ጀምሮ አራተኛውን ዘግቼ በሶስተኛ ብቻ ወጣሁ፣ 96 ላይ አሰላ ገባሁ። ሶስተኛው ቀጥታ አንድ ለአንድ ነው፣ ሞተሩ ትንሽ ይጮሃል፣ ይጩህ።

የማልወድለት ነገር አለ፣ ቁልቁለት። ከአሰላ ስትወርድ ማኑዋል እንደሚይዝህ አይዝህም፣ ተሳቢዬ ደግሞ የራሱ ፍሬን የለውም፣ ሁለተኛ ላይ በእጅህ ካላስገባኸው ፍሬንህ ግሎ ሽታው ጋቢና ይገባል። ናፍጣ ለመቆጠብ ዜሮ አርገው የሚለቁ አሉ፣ 1,420 ኪሎ ከኋላ እየገፋህ እንደዛ የምታደርግ ከሆነ መቆጠብ ያለብህ ናፍጣህን ሳይሆን ነፍስህን ነው። ናፍጣ ላይም ከማኑዋሉ ይበልጥ ይበላል፣ አልዋሽም።

ጓደኛዬ ያው ቪጎ ማኑዋል አለው፣ እሱም ይጎትታል። በዚህ ስምንት አመት ሶስቴ ፍሪሲዮን ቀይሯል፣ ግን እያንዳንዱን በአንድ ቀን፣ ያገኘው ሜካኒክ ጋ። የኔ አንዴ ብቻ ነው የተበላሸው፣ ግን 19 ቀን ጥር ሳይሆን ስላለፈ ነው እንጂ ከስሬ ነበር። ስለዚህ ስራህ ባሌ ውስጥ ወይ ከአስፋልት ርቆ ከሆነ ማኑዋል ያዝ። አዳማ ዙሪያ ከሆነ፣ ማቀዝቀዣዋን እስካስገጠምክ ድረስ፣ አውቶማቲኩን ከ10 8 እሰጠዋለሁ። የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከታገደ ወዲህ አሮጌው ሁሉ ስለተወደደ ያለህን መንከባከቡ ይሻላል፣ እኔ በበኩሌ አልሸጠውም።

ልትገዛ ከሆነ ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ ሂድ። ሪቨርስ አስገባና ቁጠር፣ አንድ ሰከንድ ካለፈ ተጠራጠር። የመለኪያውን ሽቦ ምዘዘው፣ ግን አዲስ ደማቅ ቀይ ዘይት ካየህ ቶሎ ደስ አይበልህ፣ ትናንት ሊሸጥ ሲል የቀየረው ሊሆን ይችላል፣ መቼና ለምን ቀየርከው በለው። የራዲያተሩን ክዳን ክፈት፣ ውሃው ላይ ቀይ ቅባት ከተንሳፈፈ ወይ የካምቢዮው ዘይት ሮዝ እርጎ ከመሰለ ራዲያተሩ ውስጥ ያለችው ቱቦ ተሰንጥቃ ውሃና ዘይት ተገናኝተዋል፣ ዋጋ ሳትጠይቅ ውጣ። ጋንቾ (የተሳቢ ማሰሪያ) ካለው ደግሞ ኳሷን እያት፣ ተፋግታ ካበራች "ለቤተሰብ ብቻ ነው የነዳሁት" የሚለው ወሬ አይሰራም።

የኔ አሁን የትራንስፈሩ (የፎርዊሉ ማርሽ ሳጥን) ፓራኦሊዮ ትንሽ ማላብ ጀምሯል፣ በወር አንዴ መሬት ላይ ጠብታ አያለሁ። ጥር ሳይገባ ጋሼ ጋ ቀጠሮ ይዣለሁ፣ ሰኞ ብለውኛል፣ ሀሙስ እሄዳለሁ።