የስቲቪ ሬይ ቮን ድምፅ፦ ወፍራም ክር ወይስ ፔዳል?

የቴክሳሱን ጊታሪስት የስቲቪ ሬይ ቮንን ድምፅ የሚያሳድድ ሰው ብዙውን ጊዜ ከሁለት አንዱን ይዞ ይጀምራል።

አንደኛው ክር ነው። ቮን በፌንደር ስትራቶካስተር ኤሌክትሪክ ጊታሩ ላይ ቀጭኑን ክር 0.013 ኢንች ያደርግና ጊታሩን በግማሽ ድምፅ ዝቅ አድርጎ ይቃኝ ነበር። ዝቅ ማለቱ የክሩን ውጥረት በ11 በመቶ ገደማ ይቀንሳል፤ እንዲያም ሆኖ በመደበኛ ቅኝት ካለው 0.010 ክር በግማሽ ያህል ይበልጣል። ስለዚህ በኃይል ሲመቱት አይልፈሰፈስም፤ ድምፁ ሞልቶ ይወጣል። ዕዳውን የሚከፍሉት ጣቶች ናቸው። ቮን የተላጠ ጣቱን በሱፐር ግሉ ይለጥፍ ነበር፤ እባካችሁ ይህን አትኮርጁ።

ሁለተኛው የአይባኔዝ ቲዩብ ስክሪመር ፔዳል ነው፤ በእግር እየተረገጠ የሚከፈትና የሚዘጋ፣ የጊታሩን ድምፅ የሚለውጥ ትንሽ ሣጥን። የፌንደር አምፕሊፋየሮች መካከለኛውን ድምፅ ጎደል ያደርጉታል፤ ፔዳሉ ወፍራሙን ድምፅ ቀንሶ ያንኑ መካከለኛ ያጎላል። ዘዴው የፔዳሉን ድራይቭ (ድምፁን የሚያሻክረውን ማዞሪያ) ዝቅ፣ ሌቭሉን (የድምፁን መጠን) ከፍ አድርጎ የአምፕሊፋየሩን ቲዩቦች (ድምፅ የሚያጎሉትን የመስታወት ቱቦዎች) መግፋት ነው። ድራይቩን እስከ ጥግ ያዞረ ሰው የሚተርፈው ጩኸት ብቻ ነው።

ለእኔ ፔዳሉ ይቀድማል፤ ጣት ሳያቆስል በአንድ ምሽት ወደዚያ ድምፅ ያስጠጋል። ከዚያ 0.011 ክር ገጥሞ በግማሽ ድምፅ ዝቅ ማድረግ ለአብዛኛው ሰው ይበቃል። በ0.013 የሚጸና ግን የጊታሩን አንገት ለባለሙያ አሳይቶ ያስተካክል።