ተስፋዬ ኡርጌሳ በቬኒስ፦ መልሶ የሚያይ ሥዕል

ቬኒስ ሥዕል ሊያይ የሄደ ሰው ኪሱ ቶሎ የሚራቆትባት ከተማ ናት። በየሁለት ዓመቱ የሚዘጋጀው ዓለም አቀፍ የሥነ ጥበብ ዐውደ ርእይ፣ እ.ኤ.አ. በ2024 የተካሄደው 60ኛው የቬኒስ ቢየናሌ፣ ሁለቱን ዋና ስፍራዎቹን፣ ጃርዲኒንና አርሰናሌን፣ በ30 ዩሮ ትኬት ያሳይ ነበር፤ በቦዮቹ ላይ በሚመላለሰው የሕዝብ ጀልባ አንድ ጊዜ ለመሳፈር 9 ዩሮ ከ50 ሳንቲም ይከፈል ነበር፤ ሳያድር በዕለቱ የሚመለስ እንግዳ ደግሞ በዚያው ዓመት በተጀመረው ደንብ መሠረት በተወሰኑ ቀናት 5 ዩሮ የከተማ መግቢያ ይጠየቅ ነበር። በጁን ወር አንድ ቅዳሜ ይህን ሁሉ ከፍዬ፣ ቀኑን ሙሉ ዞሬ፣ በዛለ እግር የደረስኩበትና ከሁሉ አብልጬ የወደድኩት ዐውደ ርእይ ግን በነጻ የሚገባበት ነበር። ካስቴሎ በሚባለው ሰፈር፣ ከአርሰናሌ ብዙም ሳይርቅ በሚገኘው ፓላዞ ቦላኒ፣ ሰዓሊ ተስፋዬ ኡርጌሳ የኢትዮጵያን የመጀመሪያ ፓቪሊዮን ይዞ ነበር። ዐውደ ርእዩ ከኤፕሪል 20 እስከ ኖቬምበር 24 ቆይቶ ተዘግቷል። ስለዚህ ይህ ግምገማ «ሄዳችሁ እዩ» ለማለት ባይሆንም፣ የዚህ ሰዓሊ ሥራ ቀጥሎ የትም ቢሰቀል ተመልካቹ ምን እንደሚጠብቀው ለመናገር ያገለግላል።

ፓቪሊዮን የሚለው ቃል ድንኳን የተተከለ ያስመስላል እንጂ ነገሩ ሌላ ነው፤ አንድ አገር በስሙ ሥራ የሚያሳይበት ቦታ ነው። ቢየናሌው ከ1895 ጀምሮ የሚካሄድ ሲሆን፣ ቀድመው የደረሱት አገሮች ጃርዲኒ ውስጥ የየራሳቸውን ቋሚ ቤት ሠርተዋል፤ ዘግይቶ የመጣ አገር አርሰናሌ ውስጥ ቦታ ያገኛል ወይም ከከተማው አሮጌ ቤቶች አንዱን ይከራያል። በ2024 በአገር ደረጃ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሳተፉት ኢትዮጵያ፣ ቤኒን፣ ታንዛኒያና ምሥራቅ ቲሞር ነበሩ። ከዚያ በፊት ትውልዳቸው ከኢትዮጵያ የሆነ ሰዓሊዎች በዋናው ዐውደ ርእይ ላይ በግላቸው ታይተዋል፤ ጁሊ ምህረቱ በ2019፣ መሪኮከብ ብርሃኑ ደግሞ በ2022። በአገር ስም መቆም ግን ሌላ ሸክም ነው። አንድ ሰዓሊ ብቻውን አገር እንዲሆን ሲጠየቅ ባንዲራ መሳል ይቀናዋል፤ የሚጎበኘውም ሰው ላሊበላንና ቡናን ይጠብቃል። ተስፋዬ ሁለቱንም አላደረገም፤ ለዚህ ብቻ እንኳ ምስጋና ይገባዋል።

ተስፋዬ የተወለደው በ1983 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ውስጥ ነው። አለ ፈለገ ሰላም በመሠረቱት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሲማር ካስተማሩት አንዱ ታደሰ መስፍን ናቸው፤ የጉሊት ሴቶችን እንደ ምሰሶ ቀጥ ብለው የቆሙ አድርገው የሚሥሉት፣ ከሦስት ዐሥርት ዓመታት በላይ ሰዓሊ ሲያፈሩ የኖሩት መምህር። እሳቸው በበኩላቸው የገብረ ክርስቶስ ደስታ ተማሪ ነበሩ፤ ኋላም ወደ ሶቪየት ኅብረት ሄደው ሌኒንግራድ ውስጥ ተምረዋል። ገብረ ክርስቶስ ደግሞ ጀርመን፣ ኮሎኝ ተምሮ የተመለሰ ነበር። እንግዲህ ተስፋዬ በ2009 ወደ ሽቱትጋርት ሄዶ በዚያው የሥነ ጥበብ አካዳሚ ሲመዘገብና በ2014 ሲጨርስ፣ አያት መምህሩ ወደ ሄደበት አገር መሄዱ ነበር። የውጭ ሐያስያን ስለ እርሱ ሲጽፉ ስሜትን በሻካራ ቀለምና በተዛባ የሰው ምስል ከሚገልጹት ከጀርመን አዲስ ኤክስፕረሽኒስቶችና ከለንደን የሰው ምስል ሰዓሊዎች ጋር ያዛምዱታል። ዝምድናው እውነት ነው፤ ይሁንና ሊጡ እዚያ ቢጋገርም እርሾው ከቤት የተወሰደ መሆኑን ለማየት የሰዎቹን ዓይን መመልከት ይበቃል።

ሸራዎቹ ትልልቅ ናቸው። የሚያሳዩትም በአብዛኛው የቤት ውስጥ ነው፤ ወንበር፣ ጠረጴዛ፣ መጽሐፍ፣ መታጠቢያ፣ ወለል ላይ የወደቀ ጫማ፣ በዚህ መካከል ደግሞ ራቁታቸውን ወይም ግማሽ ለብሰው የተጠጋጉ፣ የተደራረቡ፣ አንዱ በሌላው ላይ ያረፉ ሰዎች። የማን እጅ የማን ትከሻ ላይ እንደሆነ ለመለየት አንዳንድ ጊዜ በጣት መቁጠር ያስፈልጋል፤ ተቆጥሮም ከአካሉ የተረፈ አንድ እግር ይገኛል። ቆዳቸው ቡናማ ብቻ አይደለም፤ ሥጋ መሳይ ቀይ፣ አመድማ፣ አንዳንድ ቦታም እንደ ዳነ ሰንበር አረንጓዴ ይላል። ቀለሙ በአንዱ ጥግ ወፍሮ ይለጠፋል፣ በሌላው ተፍቆ የቀደመው ንብር ይገለጣል፤ ሰዓሊው ሐሳቡን የለወጠበትን ቦታ አይሸሽግም። ጎን ለጎን ቆመው ያዩ ሁለት ጣሊያናውያን «ይህ ሥቃይ ነው» ሲባባሉ ሰማሁ። እኔ ሥቃይ አላየሁም። ያየሁት ቤቱ ውስጥ ዘና ብሎ የተቀመጠ፣ ሳያንኳኳ የገባ እንግዳ ሲደርስበት ግን ልብስ ለመልበስ ያልተጣደፈ ሰው ነው። እንግዳው እኔ ነኝ።

የተስፋዬ ሥዕል ዋና ኃይል እዚህ ላይ ነው፤ ሰዎቹ መልሰው ያያሉ። ከለንደኑ የራቁት ምስል ሰዓሊ ከሉሲያን ፍሮይድ ጋር የሚያነጻጽሩት ሰዎች በሥጋው አሣሣል ልክ ቢሆኑም በዚህ ነጥብ ይስታሉ፤ የፍሮይድ ራቁት ሰዎች ብዙዎቹ ተኝተዋል ወይም ሌላ ቦታ ያያሉ፣ ተመልካቹም ሳይታይ ያሻውን ያህል ያያቸዋል። የተስፋዬ ሰዎች ያንን ነጻነት አይሰጡም። ነጩ የጎላ፣ ብሌኑ የጠቆረ፣ ፊት ለፊት የተተከለ ዓይናቸው በየቤተ ክርስቲያናችን ግድግዳ ላይ ያደግንበት ዓይን ነው። በዚያ የአሣሣል ሥርዓት ጻድቅ ሁለት ዓይን ይኖረዋል፤ ይሁዳ፣ ሰይጣንና ገራፊዎቹ ግን ከጎን ይሣላሉና አንድ ዓይን ብቻ ይታያቸዋል። ተስፋዬ ሰዎቹን ቅዱሳን አላደረጋቸውም፤ አክሊልም ክንፍም የላቸውም፣ ሆዳቸው የተንዘረጠጠ፣ ጉልበታቸው የተቋጠረ ተራ ሰዎች ናቸው። ሁለት ዓይን ግን አልነፈጋቸውም። ጀርመን በኖረበት ዘመን የስደተኛ ጉዳይ የየዕለት ዜና ነበር፤ ጥቁር ሰው በጋዜጣ የሚታየው ወይ በጀልባ ላይ ተጨናንቆ ወይ በፖሊስ ፊት ቆሞ በነበረበት ወቅት፣ ቤት ውስጥ ከነልጆቹ ተቀምጦ የሚያየውን ሰው የሚመዝን ጥቁር ሰው መሣል ምን ማለት እንደሆነ ለአውሮፓ ነዋሪ ኢትዮጵያዊ ማስረዳት አያስፈልግም። በባቡር ውስጥ ቁጥጥር ሲመጣ ከሁሉ በፊት ትኬቱን የሚጠየቅ ሰው ያንን ዓይን ያውቀዋል።

የዚያ ዓመት ቢየናሌ ብራዚላዊው አድሪያኖ ፔድሮሳ ያዘጋጀው ሲሆን አጠቃላይ ርእሱ «ባዕዳን በየቦታው» የሚል ነበር። የኢትዮጵያ ፓቪሊዮን ርእስ ደግሞ በእንግሊዝኛ የተሰጠ ነው፤ እኔ «ቅድመ ፍርድና ወገንነት» ብዬ ተርጉሜዋለሁ። ሁለተኛውን ቃል ለመመለስ ብዙ ተቸገርኩ። እንግሊዝኛው የአንድ ቦታ ወይም የአንድ ቤተሰብ መሆንን ይላል፤ «ወገን» ግን በእኛ ዘንድ ወገን ያልሆነውንም አብሮ ይጠራል፣ በዚህም ምክንያት ከመጀመሪያው ቃል ብዙም አይርቅም። ምናልባት ሥዕሎቹ የሚሉትም ይህንኑ ይሆናል፤ የተጠጋጉት አካላት ሙቀት አላቸው፣ ይሁንና መጠጋጋቱ አንዳንዶቹን ያንቃቸዋል።

ዐውደ ርእዩን ያዘጋጀው ገጣሚው ለምን ሲሳይ ነው። ምርጫው መጀመሪያ እንግዳ ቢመስልም፣ ከኢትዮጵያዊት እናት እንግሊዝ ውስጥ ተወልዶ፣ በማደጎና በሕፃናት ማሳደጊያ በሌላ ስም ያደገና እውነተኛ ስሙን ያወቀው ከጎረመሰ በኋላ የሆነ ሰው ስለ ወገንነት ዐውደ ርእይ ለማሰናዳት ከማንም የተሻለ ቦታ ላይ ነው። ስሙ ራሱ በአማርኛ ጥያቄ ነውና። ከአዘጋጁ ሥራ ያደነቅሁት ዝምታውን ነው፤ ገጣሚ ሆኖ ሳለ ሥዕሎቹን በቃል አላጨናነቃቸውም። ሥዕል ያለ ብዙ ማብራሪያ ሲሰቀል ተመልካች የሚቸኩልበት ጽሑፍ አያገኝምና መቆም ይገደዳል።

እንከን የለውም ማለቴ አይደለም። ተስፋዬ ሸራውን ባዶ መተው ይፈራል። አንዳንዶቹ ሥዕሎች ላይ ዕቃው በዝቶ፣ አንዱ ጥግ የአበባ ማስቀመጫ፣ ሌላው ጥግ የመጻሕፍት ክምር፣ በመካከሉ አንድ ወንበር ሲገባ፣ ነገሮቹ ለሰዎቹ ሕይወት አስፈላጊ ስለሆኑ ሳይሆን ክፍተቱን ለመድፈን የተቀመጡ ይመስላሉ። የተረፈው እጅና እግርም መጀመሪያ ሲታይ ያስደነግጣል፣ ሲደጋገም ግን ልማድ ይሆናል። ሁለትና ሦስት ሰው ብቻ ያሉባቸው ሸራዎች ከብዙ ሰው ሸራዎች የበለጠ ያዙኝ፤ በእነዚህ ውስጥ ፊቶቹ አየር አግኝተው ይተነፍሳሉ። ከሁሉ በላይ የሚጎዳቸው ቅርበት ነው። ሥዕሎቹ ቢያንስ ስድስት ሰባት እርምጃ ይፈልጋሉ፤ ጀርባው ግድግዳ እስኪነካ ያፈገፈገ ተመልካች ብቻ ነው ሙሉውን የሚያገኘው። ለመኖሪያ የተሠራ ቤት ደግሞ ያን ያህል ርቀት ሁልጊዜ አይለግስም። በአንጻሩ ቤትነቱ ረድቷል፤ የቤት ውስጥ ሥዕል ሰው በኖረበት ቤት ሲሰቀል፣ ያለፈቃድ የመግባት ስሜቱ ከደጃፉ ይጀምራል።

ይህ የቦታ ነገር የተስፋዬን የዐውደ ርእይ ጉዞ በሙሉ የሚነካ ነው። ሥራው ፍሎረንስ ውስጥ ወደ ኡፊትሲ ስብስብ ገብቷል፤ የህዳሴ ዘመን ሰዓሊዎች ቤት በሆነው ተቋም ከአዲስ አበባ የመጣ ሰዓሊ መያዙ ቀላል ነገር አይደለም። ለንደን ውስጥ ደግሞ ሳቺ ያትስ የተባለው ጋለሪ ይወክለዋል። ለንደን፣ ፍሎረንስና ቬኒስ ሦስት የተለያዩ ዓይነት ግድግዳዎች ናቸው፤ የንግድ ጋለሪ ነጭ ግድግዳ ሥዕሉን ዕቃ ያደርገዋል፣ ቤተ መዘክር ታሪክ ያደርገዋል፣ አሮጌ ቤት ግን ነዋሪ ያደርገዋል። ከዓመታት በፊት በሌላ ከተማ፣ ስሙን በማልጠቅሰው አንድ ጋለሪ፣ የሌላ ኢትዮጵያዊ ሰዓሊ የሰው ምስሎች በሚያንጸባርቅ መስታወት ተሸፍነው አይቼ ነበር፤ ሥዕሉን ለማየት በቆምኩ ቁጥር የማየው የራሴን ኮትና የጣሪያውን መብራት ሆነ፣ አስተናጋጁም ዋጋውን ከመንገር ሌላ የሚለው አልነበረውም። ከዚያ ልምድ በኋላ በፓላዞ ቦላኒ ከሸራው ጋር ያለ ከልካይ መፋጠጥ እንደ ውለታ ተሰማኝ።

ተስፋዬ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ከጀርመን ወደ አዲስ አበባ ተመልሷል። ከቬኒስ በባቡር ስመለስ ያሰላሁት እነዚያ ሸራዎች በየትኛው የአዲስ አበባ አዳራሽ እንደሚበቁ ነበር። ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ በገብረ ክርስቶስ ደስታ ስም የተሰየመው የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ከጀርመን የተመለሱ የገብረ ክርስቶስን ሥራዎች ይዟል፤ የአያት መምህሩ ረቂቅ ሥዕሎች ባሉበት ቤት የልጅ ልጁ ሥጋ ለባሾች ቢሰቀሉ ምን እንደሚባባሉ መስማት እፈልጋለሁ። ራቁትነቱ እንደሚያጨቃጭቅ አውቃለሁ። የጎበኙት እናቶች ግን፣ ከሥነ ጥበብ ተማሪዎቹ ቀድመው፣ የዓይኑን አሣሣል ከየት እንደሚያውቁት ይናገራሉ ብዬ እገምታለሁ። መግቢያው እንደ ቬኒሱ በነጻ ቢሆን ደስ ይለኛል፤ 30 ዩሮውን ቢጠይቁኝም እከፍላለሁ። ሁለት ሰዎች ብቻ ያሉበት አንዱ ሸራ በሩ ትይዩ እንዲሰቀልና ከፊቱ አንድ አግዳሚ ወንበር እንዲቀመጥ ግን አደራ እላለሁ።