ክራራችንን ቅኝቱን ሳትነካ ላሰፋችልን እህታችን ምስጋና

አራቱን የክራር ዘፈኖቻችንን ሚክስ ያደረገችልንን (የተቀዱትን ድምፆች አመጣጥና ያዋሃደችልንን) እህታችንን በአደባባይ ማመስገን እንወዳለን። እጅሽ ይባረክ! ስሟ እዚህ እንዲጻፍ ስላልፈለገች፣ ለሥራ የሚፈልጋት በውስጥ መስመር ይጻፍልን፤ እናገናኛለን።

ከሁሉም በላይ ያስደሰተን የኮረስ አጠቃቀሟ ነው። አዝማቹን ማለታችን አይደለም፤ ኢፌክቱን ነው። ኮረስ የድምፁን ቅጂ ከ15 እስከ 30 ሚሊ ሰከንድ ያህል ያዘገየዋል። ከዚያ ያንኑ መዘግየት ቀስ እያለ እያስረዘመና እያሳጠረ ከዋናው ጋር ይቀላቅለዋል። መዘግየቱ እየረዘመ ሲሄድ የቅጂው ቃና በጥቂቱ ይወርዳል፣ እያጠረ ሲመጣ ደግሞ ይወጣል። አንዱን ክራር ሁለት ሦስት ሰው አብሮ የሚመታው የሚያስመስለው ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 የወጣው የሮላንድ ጁኖ 60 ሲንተሳይዘር (ኤሌክትሮኒክ ኪቦርድ) ለእያንዳንዱ ድምፅ አንድ ኦሲሌተር (ድምፅ አመንጪ) ብቻ ይዞ ያን ያህል ሰፍቶ የሚሰማው በውስጡ ባለው ኮረስ ነው።

ክራር ላይ ሲሆን ግን አደጋ አለው። አንቺሆዬና አምባሰል ውስጥ በግማሽ ድምፅ ብቻ የሚራራቁ ክሮች አሉ። ቅጂው ከልኩ አልፎ ከተወዛወዘ ክሩ የላላ፣ ቅኝቱ የፈረሰ ይመስላል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሬትን (የውዝዋዜውን ፍጥነት) እና ዴፕዝን (የውዝዋዜውን ስፋት) ለየብቻ ስለሚያይ ነው፤ የቃናው መዛባት የሁለቱ ብዜት ነው። መዘግየቱ ከመካከሉ ወዲያና ወዲህ በ2 ሚሊ ሰከንድ፣ በ0.5 ሄርዝ ሬት ሲወዛወዝ ቅጂው ከቃናው ቢበዛ 11 ሴንት ገደማ ይርቃል። ይህ ጆሮ የሚወደው ስፋት ነው። ወደ 4 ሚሊ ሰከንድና 1.5 ሄርዝ ከፍ ካደረጋችሁት ግን 64 ሴንት ይደርሳል። ግማሽ ድምፅ 100 ሴንት መሆኑን አስቡ! እሷ ሬቱን በእጥፍ ስታሳድግ ዴፕዙን በግማሽ ትቀንሳለች፤ ስለዚህ ፍጥነቱ ይለወጣል እንጂ ቅኝቱ አይናጋም።

ኮረሱን ክራሩ ትራክ ላይ በቀጥታ አልጫነችውም። ሌላ መስመር ከፍታ፣ የኮረሱን ሚክስ 100 በመቶ አድርጋ (ቅጂው ብቻ እንዲሰማ)፣ ከ200 ሄርዝ በታች ያለውን በሃይ ፓስ ማጣሪያ ቆርጣ፣ ከዋናው 10 ዲሲቤል ያህል ዝቅ አድርጋ ከሥር አስገባችው። የጣቱ ምት ከንጹሑ ትራክ ስለሚመጣ አልደበዘዘም። ሪቨርቡ (የማስተጋባት ኢፌክቱ) የመጣው ከኮረሱ በኋላ ነው። ቤዝ ክራሩን ጨርሶ አልነካችውም፤ ልክ ነች፣ ኮረስ ወፍራሙን ድምፅ ያዋልለዋል፣ ከከበሮው ጋር ያለውን ጉልበትም ያሳጣዋል።

ከዚያ ሁሉንም በሞኖ፣ ማለትም ግራና ቀኙን ወደ አንድ ደምራ፣ አዳመጠች። አንዳንድ ፕላግኢኖች (ኢፌክቱን የሚሠሩ የኮምፒውተር ፕሮግራሞች) ቅጂውን በአንዱ ጎን ገልብጠው ስለሚልኩት ግራና ቀኙ ሲደመር ይጠፋፋል። በሄድፎን ሰማይ የሚያህለው ክራር ባለ አንድ ስፒከር ስልክ ላይ ኮረስ አልባ ሆኖ ቁጭ ይላል። እንዲህ የሚያደርገውን ፕላግኢን ትታ በሌላ ተካችው።

ተቀባዮቹ ላይ ኮረስ እንዲጨመር ተጠይቃ እምቢ ማለቷንም እናደንቃለን። ቅጂው ትንፋሹንም ቃሉን የሚጨርስበትንም ቦታ ከዋናው ስለሚወስድ ሦስት ተቀባዮችን ሃያ አያደርግም፤ «ሰ» እና «ሽ» ላይ ደግሞ ፉጨት ያመጣል። በዚህ ፈንታ ሦስቱም ሁለት ሁለት ጊዜ ደግመው እንዲዘምሩ አድርጋ፣ አንዱን ቀረጻ ወደ ግራ፣ ሌላውን ወደ ቀኝ አስቀመጠችው። እውነተኛ ስፋት የመጣው ከዚያ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ለባለሙያዎች፦ የብዙ ፕላግኢኖች ውዝዋዜ ዘፈኑ በተጫወተ ቁጥር ከሌላ ቦታ ስለሚጀምር፣ ኤክስፖርት በተደረገ ቁጥር ኮረሱ ይለያያል። እሷ ጥሩ የወጣውን ኮረስ በራሱ ትራክ ቀድታ አስቀረችው፤ ንጹሑንና ኮረሱንም ለየብቻ በ48 ኪሎ ኸርዝ፣ በ24 ቢት አስረከበችን።

ሥራ ለምትልኩላት፦ ክራሩን ያለ አንዳች ኢፌክት ቅዱ፤ ከእያንዳንዱ ዘፈን በፊትም ቅኝቱን አስተካክሉ። ከኮረስ ጋር ተቀላቅሎ የተቀዳን ድምፅ እሷም ብትሆን መልሳ ልትለየው አትችልም።