ግማሽ በየዓይነቱ፣ ለእማዬ ተመችቷታል
ሰፈራችን ያለው የፆም ምግብ ቤት ግማሽ በየዓይነቱ ጀምሯል። እማዬ 60ን ካለፈች ወዲህ ብዙ ከበላች ሆዷ ይነፋል፣ እና ይዣት ሄድኩ። ሳህኑ ትንሽ ነው ግን ጎመኑም ክኩም ምስሩም አለ፣ ዘይቱም አይንሳፈፍም። ይሄን ነው የወደድኩት ምክንያቱም ካሎሪ ይቀነስ ማለት ፋይበር (ሆድ የማይፈጨው የአትክልትና የጥራጥሬ ክፍል) ይቀነስ ማለት አይደለም፣ የአንጀት ባክቴሪያዎች ምግባቸው ፋይበሩ ነው፣ ዕድሜ ሲገፋ ደሞ አንጀት ቀስ ይላል። አይጦች ላይ ካሎሪ ሲቀነስ ላክቶባሲለስ የሚባለው ጠቃሚ የአንጀት ባክቴሪያ ሲጨምር ታይቷል። አሜሪካ ውስጥ ግን ለ2 ዓመት ካሎሪ በ25% ቀንሱ የተባሉ ጤነኛ ሰዎች የቻሉት 12% አካባቢ ነው (ሰው ነን እኮ)። ቅሬታዬ ምስሩ ላይ ነው፣ በጣም ያንሳል፣ ለትልቅ ሰው ጡንቻ ፕሮቲን ያስፈልጋል። ዋጋው ደሞ ግማሽ አይደለም፣ ኧረ አስቡበት!